የቦዲቲው ብቸኛ አስተያየት ሰጪ

ጠዋት ያመሰገናችሁ ሰው ከሰዓት በኋላ ነቅፏችሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ምክር ለግሷችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ገና ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ቦዲቲ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ዛሬም ስልኬን ስከፍት ትዝ እያለኝ እስቃለሁ።

ለተማሪዎቼ የመለማመጃ ጥያቄዎች የያዘ ትንሽ አፕ ሠርቼ ነበር። ችግሩ፣ ትምህርት ቤታችን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ አስቴር ለቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርት ብቻ እንዲፈቅዱ ለመንኳቸው።

«አንተ መፈለግህን አውቃለሁ» አሉኝ። «የተማሪዎቹን ግን ከራሳቸው ልስማ። እስከ ዓርብ አሳየኝ፤ ካልሆነ ነገሩ እዚሁ ያበቃል።»

እኔ ያሰብኩት በአፕ መደብሩ ላይ የሚጽፉትን አስተያየት ለማሳየት ነው። ነገር ግን መደብሩን ከፍታችሁ ፈልጉት ካልኳቸው የኳስ ጨዋታ ሲያወርዱ ይቀራሉ። ስለዚህ አፑ ውስጥ «አስተያየት ስጡ» የሚል ቁልፍ ጨምሬ፣ ቤታቸው ሆነው እንዲጽፉ በየስልካቸው ላክሁላቸው። ሲነካ በቀጥታ የአፑን የራሱን ገጽ ይከፍታል። ተማሪን ቤተ መጻሕፍት ገብተህ ፈልግ ከማለት፣ መጽሐፉን ገልጦ እንደ መስጠት ማለት ነው።

በማግስቱ ክፍል ስገባ «ቲቸር፣ ጽፈናል!» ብለው ጮኹ። ደስ ብሎኝ ገጹን ከፈትኩ። ያለው አንድ አስተያየት ብቻ ነው። «ማቴዎስ ሞባይል» የተባለ ሰው «ምርጥ ነው» ብሎ አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ከሰዓት በኋላ ያ ጠፍቶ፣ ያው ማቴዎስ «ስልኬን ያግላል» ብሎ አንድ ኮከብ አድርጎታል። በነጋታው ደግሞ «ስለ ልብ ጥያቄ ይጨመር» ብሎ አራት።

አብሮኝ የሚኖረው መምህር ዳና በሳቅ ሞተ። «አንድ ሰው አገኘህ፤ እሱንም መያዝ አቃተህ!»

ዓርብ ደረሰ። የማሳየው ነገር ሳይኖረኝ ቢሮ ገባሁ። ቢያንስ አፑን ራሳቸው ይዩት ብዬ ወደ ስልካቸው ላክሁላቸው። ወይዘሮ አስቴር ቁልፏን ነኩ፤ ገጹ ተከፈተ። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«መምህር፣ ይሄን እኔ መቼ ነው የጻፍኩት?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። «የእርስዎ አስተያየት» ከሚለው ሥር አምስት ኮከብ አለ፤ ቀጥሎም፦ «ዳይሬክተሯ ቅዳሜ ስልክ ይፍቀዱልን፣ በጌታ!»

ጥጉ ላይ ያለውን፣ የተጠቃሚውን ስም የሚያሳየውን ክብ ስነካ «ማቴዎስ ሞባይል» የሚል ስም ወጣ።

«ስልክዎን ከየት ነው የገዙት?»

«ከማቴዎስ ነዋ፣ መናኸሪያው አጠገብ። ከሱ ያልገዛ ማን አለ?»

ያኔ ገባኝ። ማቴዎስ የሚሸጠውን ስልክ ሁሉ የሚያስጀምረው በራሱ ኢሜይል ነው። መደብሩ ደግሞ ከአንድ ኢሜይል አንድ አስተያየት ብቻ ይቀበላል፤ አዲስ ሲጻፍ የቀድሞው ይጠፋል። ተማሪዎቼ ሳያውቁት አንዱ የሌላውን እየሰረዘ ነበር።

ይህንን ሳስረዳቸው ወይዘሮ አስቴር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እንግዲህ በገዛ ስልኬ ራሴን ለምኛለሁ፤ እንዴት እምቢ እላለሁ? ቅዳሜ ብቻ! ሰኞ ያየሁትን እወርሳለሁ።»

ማቴዎስ ሱቅ ሄጄ ስነግረው ቅር አልተሰኘም። «ኢሜይል ለሌለው ሰው ያለኝን አካፈልኩ። እስከ ዛሬ ተስማምተን ኖረናል፤ ያጣላኸን አንተ ነህ!» ብሎ ታሪኩን ለጎረቤቱ በወላይትኛ ያወራለት ጀመር። ቅዳሜ ግን ራሱ ትምህርት ቤት መጥቶ፣ ለየተማሪው ኢሜይል ስንከፍት አብሮኝ ዋለ። ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ገጹ በልጆቹ ስም ተሞላ። ከመካከላቸው ወይዘሮ አስቴርም ነበሩ፦ «ጥሩ ነው። ቅዳሜ ብቻ።»

ያን ሳምንት ማቴዎስን በሆዴ ስንት ነገር ብዬዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ያ ሁሉ ስድብም ምስጋናም የልጆቼ ድምፅ ስለነበር ደስ ይለኛል።

እናንተም እስኪ አሁኑኑ የአፕ መደብራችሁን ክፈቱና ጥጉ ላይ ያለውን ክብ ንኩ። የወጣው ስም የራሳችሁ ከሆነ እሰየው። «ማቴዎስ ሞባይል» ካለ ግን፣ እባካችሁ የራሳችሁን ኢሜይል ሳትከፍቱ አስተያየት ጽፋችሁ የሱን አምስት ኮከብ አታጥፉብኝ።