ለጋሽ ሰዒድ ጆሮ የቆረጥኩት ስፖንጅ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሰዒድ መቀሴን ከእጄ ተቀብለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ የስፒከር ሳጥን የሚሠሩ የወሎ ሰው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ከፍራሽ ቤት የመጣሁ፣ ስፖንጅ አውቃለሁ ብዬ የምኩራራ ሴት። “አስካለ፣ ይሄኛው የሚተኙበት ሳይሆን የሚሰሙበት ነው” አሉኝና ረጅም ቢላ ሰጡኝ።

መቀስ ስፖንጁን ጨምቆ ነው የሚቆርጠው። ሲለቁት ጠርዙ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ይቀራል። ቢላው በደንብ ተስሎ፣ ሳይጫኑት፣ ወደ ራስ እየሳቡ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ያበላሸሁት ብዙ ነው። ጋሽ ሰዒድ አልተቆጡም። “አብሽሪ፣ ለትራስ ይሆናል” ይሉኝ ነበር።

ሰው ከአሮጌ ሬዲዮ ወይም ከመኪና የተነቀለ ስፒከር ይዞ ይመጣል። እሳቸው ሳጥኑን በጣውላ ይሠራሉ። እኔ ውስጡን ስፖንጅ አለብሳለሁ፣ ስፒከሩ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበትን ቀለበት እቆርጣለሁ፣ በመጨረሻ የሳጥኑን ፊት የሚሸፍነውን ስፖንጅ እቆርጣለሁ። ዋናው ነገር የፊቱ ውፍረት ነው። ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል፣ ከሳሳ ይጮኻል።

ውፍረቱን የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። በካሴት የነበረና በኋላ ወደ ፍላሽ ያስገለበጡት አንድ መንዙማ አላቸው። እሱን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና “ትንሽ አሳሺው” ወይም “ይበቃል” ይላሉ። ሜትር አይነኩም፤ ስፖንጁን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ነው የሚለኩት።

እኔ የምሠራው ከኋላ ባለችው ክፍል ነው፣ የስፖንጁ ብናኝ የሳጥኖቹ ቀለም ላይ እንዳያርፍ። ክፍሏ እስከ ጣሪያ ስፖንጅ ስለተደረደረባት የራሴ ሳል እንኳ ለራሴ በቅጡ አይሰማኝም ነበር። ቤትም ስገባ ብቻዬን ነኝ። ባል አላገባሁም፣ ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያጫውተኝ ሰው ጋሽ ሰዒድ ብቻ ነበሩ። ይህን የምናገረው በኋላ የሠራሁትን ለምን እንደሠራሁት እንዲገባችሁ ነው።

ዓመታት አለፉ፣ “አሳሺው” የሚለው ቃል በዛ። “ታፍኗል፣ አሁንም አሳሺው” ይላሉ። እኔም ስፖንጁ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳሳሁ። አንድ ቀን ጋሽ ሰዒድ ለሰላት ወጣ እንዳሉ ጊዮርጊስ አጠገብ ካፌ ያለው ደንበኛችን ሳጥኑን ተሸክሞ መጣ።

“እትዬ አስካለ፣ ይሄ ነገር እኮ ሰው አባረረብኝ! ዘፋኙ ‘ሰ’ ባለ ቁጥር ጆሮ ይበሳል!”

የሳሳውን አንስቼ ሁለት ጣት የሚሆን ስፖንጅ አደረግኩለት። አዳመጠና “ይኸው! እንዲህ ነው እንጂ” ብሎ ደስ ብሎት ሄደ። ጥፋቱ የስፖንጁ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የጋሽ ሰዒድ ጆሮ እየከዳቸው ነበር።

መንገር ነበረብኝ። ግን ብነግራቸው ሥራውን ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ከቀሩ ከማን ጋር ላወራ ነው? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ፊት መቁረጥ ጀመርኩ፤ ቀጭኑን ለጋሽ ሰዒድ፣ ወፍራሙን ለደንበኛው። “ይበቃል” ሲሉ “ጠርዙን ላስተካክል” ብዬ ሳጥኑን ወደ ኋላ እወስድና እቀይረዋለሁ። ቀጭኑን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እደብቀዋለሁ። ደንበኞች “የጋሽ ሰዒድ ጆሮ እኮ!” እያሉ ሲያደንቋቸው ፈገግ ይላሉ፤ እኔ አቀረቅራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማስቲሽ ገዝቼ ስመለስ ቴዎድሮስ አደባባይ ጫማ የሚሸጥ ልጅ እኛ የሠራንለትን፣ ዝናብ የመታውን ሳጥን አምጥቶ ሄዷል። ጋሽ ሰዒድ የፊቱን ስፖንጅ ነቅለው በሁለት ጣታቸው ይዘውታል።

“ይሄን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ፣ ጋሽ ሰዒድ።”

“እኔ ይበቃል ያልኩት ይሄን አይደለም።”

ወደ ኋላ ክፍል ገብተው ፈለጉ፣ ከረጢቱን አገኙና መሬት ላይ ዘረገፉት። ቀጫጭኖቹ ሁሉ ወጡ።

“ስንት ጊዜ ሆነው?”

“ሁለት ዓመት።”

“ሁለት ዓመት!” አሉ። “ታዲያ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የማዳምጠው ለማን ነበር?”

ጋዋናቸውን አውልቀው ሰቀሉ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ወጡ። በማግስቱ አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙዝ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በደህና ተቀበሉኝ፣ ስለ ማስቲሽ መወደድ አወራን። ልወጣ ስነሳ “ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው።

“ወላሂ፣ ይቅር ብዬሻለሁ” አሉኝ። “ግን ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ የማጣው ጆሮዬን ብቻ ነበር። አሁን አንቺንም አጣሁ።”

ሱቁን እስከ ዛሬ ብቻዬን ይዣለሁ። ብቻዬን እንዳልቀር ብዬ ደበቅኩ፣ ብቻዬንም ቀረሁ። አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ዓይኑ፣ እጁ ወይም ጆሮው ሲደክም ካያችሁ፣ በዚያው ቀን ለራሱ ንገሩት።