በቀለሁ ጠርዝ ላይ ያለች ጭረት

በዳሳ ጢም ሳያበቅል ነው ከእንጦጦ ጀርባ ካለች መንደር ጉለሌ የወረደው። ብረት መግራትን የተማረው አንድ ጣሊያናዊ ቶርኖ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ነው። ጣሊያኑ ዒላማ መምታት ነፍሱ ነበር፤ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ የሚሞላበት የእጅ መጭመቂያ ከአገሩ አስመጥቶ በዳሳን አሠለጠነው። ደርግ ቶርኖ ቤቱን ሲወርስ ሰውየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። መጭመቂያው ጥግ ላይ ጆንያ ለብሶ ቀረ። በዳሳም በደመወዝ እዚያው ሥራውን ቀጠለ።

በ1970 መግቢያ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ መዝገቡ ሽጉጡን ታጥቆ ከች አለ። ጆንያውን በእግሩ ገለጥ አደረገና፣

«ይህን ማሽን ታውቅበታለህ አሉ» አለው።

«ድሮ ሠርቼበታለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«እንግዲህ አብዮቱ ይፈልግሃል። ጥበቃዎቻችን ዒላማ የሚለማመዱበት ጥይት የለም። ቀለሁን እኛ እናመጣለን፣ ባሩዱንና እርሳሱን እኛ፤ አንተ ሙላ።»

እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም። ደግሞም እውነት ለመናገር በዳሳ ሥራውን ይወደው ነበር። ጥበቃዎቹ የያዙት ሽጉጥ ሁለት ዓይነት ነው። ጥይታቸው ለዓይን መንትያ ይመስላል፤ የአንዱ ቀለህ ግን ከሌላው በጥፍር ውፍረት ያህል ያጥራል። መጭመቂያው ላይ ለረጅሙ የተስተካከለው ቅርጽ ማውጫ አጭሩን በወጉ አይነካውም። ለአጭሩ የተስተካከለው ደግሞ ረጅሙን ይጨፈልቀዋል። ሁልጊዜ የቅርጽ ማውጫውን ማሰሪያ ዳዶ ከመፍታትና ከማሰር ብሎ በዳሳ እንደ ቀለበት ያለ አንድ ስስ ሮንዴላ በቶርኖ አወጣ፤ ለረጅሙ ከሥሩ ያስገባዋል፣ ለአጭሩ ያወጣዋል። ከሁሉ የሚያስጨንቀው የመጨረሻው ደረጃ ነው። እርሳሱ እንዲገባ ትንሽ የተከፈተውን የቀለህ አፍ መልሶ መሰብሰብ አለበት፤ ካልተሰበሰበ ጥይቱ ሽጉጡ ውስጥ አይቀመጥም። ሁለቱ ዓይነት እንዳይደባለቁበትም በአጭሮቹ ቀለሆች ጠርዝ ላይ በሞረድ አንዳንድ ጭረት ያሳርፍ ጀመር።

ማታ ሚስቱ ዓለምነሽ፣ «ጥይት ምን ያደርግልሃል? እጅህ ባሩድ ባሩድ ይሸታል» ስትለው፣

«ጫካው ሥር ጣሳ ለሚመቱበት ነው፤ ምን አለበት?» ይላታል። እንዲያ ነበር የሚያምነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ሲወርድ አስፋልቱ ዳር ሰው ተሰብስቦ አየ። ጠጋ ሲል የተገደለው ስለሺ ነው፤ የጎረቤታቸው የእትዬ ብርቅነሽ ልጅ። በጀርባው ተንጋሏል፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። እናቱ አጠገቡ በርከክ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንቀጠቀጣለች። ማልቀስ ክልክል ነው፤ ከኋላዋ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ቆሟል። ያ ልጅ ባለፈው እሑድ የበዳሳን በር ማጠፊያ አብሮት ሲጠግን ውሏል።

በዳሳ ዓይኑን ከልጁ ፊት ለማሸሽ ወደ ቦዩ አየ። ጭቃው ላይ አንዲት ቀለህ ወድቃለች። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበርና ጠርዟ አብለጨለጨ። ጭረት አለባት።

መጀመሪያ አልገባውም። ዓይኑ አይቶ ልቡ እምቢ አለው። የገዛ ሞረዱን ማን ይስታል? ሌላ ሰው ይቺን ጭረት በዚህ አግድመት አይጭርም። ሳያስበው ጫማውን ቀለሁ ላይ አሳረፈና ጭቃው ውስጥ ቀበራት። ጥበቃው፣ «እለፍ! ሥራህ ሂድ!» ሲለው ሄደ። እንዴት እንደሄደ ግን አያውቀውም። ቶርኖ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ።

በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ጥበቃ ባዶ ቀለህ በቆርቆሮ አመጣለት። በዳሳ ዘረገፈው። ከዚህ በፊትም ጭቃና ሣር ይኖረው ነበር፤ ጠርጎ ይጥለዋል እንጂ ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። አሁን አንዱን ሲያነሳ ጣቱ ላይ የቀረው ጭቃ ብቻ አልነበረም።

ቤቱ ገብቶ ለዓለምነሽ ነገራት። ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ተወው፣ አልሠራም በላቸው።»

«በማግስቱ እኔን አስፋልት ላይ ታገኚኛለሽ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

መልሱ የመጣለት በማግስቱ መጭመቂያው ፊት ሲቆም ነው። ዳዶውን ፈታ፣ የመጨረሻውን ቅርጽ ማውጫ ትንሽ ወደ ላይ አዞረና መልሶ አሰረው። የቀለሆቹ አፍ ሳይሰበሰብ ቀረ። ጥይቱ በዓይን ሲያዩት ምንም አይልም። በዳሳ ቆርቆሮውን ሞልቶ አስረከበ።

ሳምንት ሳይሞላ ጓድ መዝገቡ በሩን በርግዶ ገባ። ከነዚያ ጥይቶች አንዱን ሽጉጡ ውስጥ አጉርሶ ሳበው። የሽጉጡ ላይኛው ብረት ሳይገጥም መሀል ላይ ተቸክሎ ቀረ። ያንኑ ሽጉጥ በዳሳ ፊት ላይ እያወዛወዘ፣

«ይሄ ምንድን ነው? በዚህ በተረገመ ጥይትህ ምክንያት አንዷን ተማሪ አጣናት! ተንበርክካ ሳለ ሽጉጡ ነከሰብን፤ ስናንኳኳው ተነሥታ ጫካ ገባች!»

በዳሳ ክው አለ። ይህን እሰማለሁ ብሎ አልጠበቀም። ፍርሃቱም ደስታውም ፊቱ ላይ እንዳይነበብ መሬት መሬት አየ። የገዛ ድምፁን ግን ተረጋግቶ ሲናገር ሰማው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሁለቱ ጥይት ይመሳሰላሉ። ቅርጽ ማውጫው አርጅቷል፣ ጥርሱ አልቋል፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«ይመሳሰላሉ? አንተስ ከአናርኪስት ትለያለህ?»

በሽጉጡ ሰደፍ ግንባሩን አለው። ቀበሌ ወስደው ውስጥ እግሩን ገረፉት፤ ሆን ብለህ ነው ወይ እያሉ ቢጠይቁት ከአርጅቷል ሌላ ቃል አልወጣውም። ዓለምነሽ ምግብ እያመላለሰች ክረምቱ ገባ። በመጨረሻ የወፍጮ ቤቱ ዘንግ ተሰብሮ ሰፈሩ ዱቄት ሲያጣ፣ ዘንጉን የሚያወጣ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ለቀቁት። መጭመቂያው ተነቅሎ ተወስዷል፤ የት እንደደረሰ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲያ በዳሳ እያነከሰ ኖረ። የልጅቱን ስም ማንም አልነገረውም፤ በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም። ግን ዓለምነሽ ነጠላ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ ይዛው ስትሄድ እሱ ጨርቅ አያይም። በልጅቱ ዕድሜ የምትሆን ሴት ባለፈች ቁጥር ቆም ብሎ በዓይኑ ይሸኛታል።

«ደግሞ ማንን ነው የምታየው?» ትለዋለች።

«ማንንም» ይላል፤ ቀጣይዋ እስክታልፍ ግን አይንቀሳቀስም።