ቀን የሚቀይር ካርድ

የሰፈራችን ሰው የሆቴል ክለብ አባልነት ሊሸጡለት ሲመጡ መጀመሪያ እኔን ይጠይቀኛል። «ፈረደ፣ የተያዘ ቀን ለመቀየር እውነት ይረዳል? ወይስ ለማታለል ነው?» ይለኛል። ይረዳል። ማታለል የለበትም። እኔ ግን የአባልነት ካርዱን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ካርድ የእህቴ የውባየሁ ባል፣ የጋሽ መንግስቴ ነበር። ክፋር ግቢሮል ሰፈር እነሱ ከላይ እኔ ከታች ሆነን በአንድ ሕንጻ እንኖር ነበር። እሳቸው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር መጥተው ነስ ጺዮና ከተማ ጭማቂ ፋብሪካ ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነቃነቁም። ሌላው ሥራቸው ለቅሶ መድረስ ነበር። በሰሜን አፉላ ሰው ሞተ ከተባለ አፉላ፣ በደቡብ ነቲቮት ከተባለ ነቲቮት ይሄዳሉ። ሟቹን ባያውቁት አጎቱን ያውቁታል፤ አጎቱንም ካላወቁት እዚያው ለቅሶው ላይ ይተዋወቃሉ።

ጡረታ ሲወጡ የፋብሪካው የሠራተኞች ኮሚቴ ሙት ባሕር ዳር ባለ ሆቴል ከነባለቤታቸው ሁለት ሌሊት እንዲያርፉ ስጦታ ሰጣቸው። ከስጦታው ጋር የሆቴሉ ክለብ የወርቅ አባልነት ካርድም ነበረበት።

እህቴ ዕድሜዋን በአረጋውያን ማረፊያ የሌላ ሰው አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ናት። እኔም ሰው ያነጠፈላት አልጋ ላይ መተኛት ያማራት መስሎኝ ነበር። «ምን አልጋ አልጋ ትላለህ!» አለችኝ። «ሁለት ሌሊት፣ በር የሚያንኳኳ በሌለበት። ከተጋባን ጀምሮ ሰውዬውን ለብቻዬ አግኝቻቸው አላውቅም።» ይህን ብላ እንደ ልጃገረድ አፈረች። ትንሽ ሻንጣ ገዝታ የእሳቸውን አዲስ ነጠላ ጫማ ከራሷ ቀሚስ ጋር ከትታ አስቀመጠች።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ አራት፣ ከፔሳሕ በዓል በኋላ ነበር። ልንሸኛቸው ስንዘጋጅ አፉላ አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። የእህቴ ልጅ ሊሂ የስልኩን ድምፅ ለሁላችንም ከፍታ ወደ ሆቴሉ ደወለች። ሬቪታል የምትባል የቦታ ማስያዣ ሠራተኛ አነሳችው።

«ቀኑ ከደረሰ በኋላ አይቀየርም። ካልመጣችሁ ይቃጠላል» አለች።

ጋሽ መንግስቴ ፊታቸው ጠቆረ። የደረቀ ዳቦ እንኳ የማያስጥሉ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሌሊት ሙሉ እንዴት ይቃጠል! ለአፉላ ያወጡትን ኮት መልሰው ሊሰቅሉ እጃቸውን ሲዘረጉ በዓይኔ አይቻለሁ። እህቴም አይታለች።

«አንድ ደቂቃ» አለች ሬቪታል፣ ድምጿ በአንዴ ማር ሆኖ። «የወርቅ አባል ናችሁ እኮ! ቤሰደር፣ እሺ፣ ወደፈለጋችሁት ቀን ያለ ቅጣት አዛውርላችኋለሁ። ምክንያቱን ምን ልጻፍ?»

«ለቅሶ» አለች ሊሂ።

ጋሽ መንግስቴ ካርዱን ሳሙት። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

በመከር ደግሞ ነታንያ ሰው ሞተ። ሊሂ ደወለች፣ ሬቪታል አነሳች፣ «ምክንያቱስ?» «ለቅሶ።» ቀኑ ወደ ክረምት ሄደ፤ በክረምቱም እንደዚያው ሆነ። ሬቪታል የሊሂን ድምፅ ገና ከሻሎምታው መለየት ጀመረች።

በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣ እህቴ ያንን ቀሚስ ለብሳ፣ ታክሲው ከታች ጥሩምባ እየነፋ ሳለ ስልክ ተደወለ። ቂርያት ዔቅሮን የአንድ የድሮ ባልደረባቸው እናት ዐርፈዋል። ጋሽ መንግስቴ ሚስታቸውን አዩአት።

«ሂዱ እንጂ» አለቻቸው። «ሬሳ አይጠብቅም። ባሕሩ የትም አይሄድብንም።»

እኔ ግን መታገሥ አቃተኝ። «ጋሽ መንግስቴ፣ አንድ ቀን ቢቀሩ ሟቿ ተነሥተው አይወቅሱዎትም!»

አልተቆጡኝም። «ፈረደ፣ እናቴን ሱዳን በረሃ ላይ ቀብሬ በዚያው ሌሊት መንገድ ቀጠልኩ» አሉኝ። «አንድ ሰው እንኳ ለለቅሶ አልተቀመጠላትም። የሰው እናት ስትሞት እኔ እንዴት ልቅር?» ታክሲውን ወርጄ መለስኩት። ሊሂ ደወለች። ካርዱም እንደ ልማዱ ረዳ።

የዚያ በጋ መጨረሻ ላይ ጋሽ መንግስቴ ከምኩራብ ሲመለሱ ደረጃው ሥር ወደቁ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ።

ድንኳኑ መንገዱን ዘጋው። ለቅሶ ሲደርሱለት የኖሩት ሰው ሁሉ ብድሩን ሊመልስ መጣ። ብዙዎቹን አላውቃቸውም፤ ሁሉም ግን «ለእኔ ጊዜ ደርሰውልኛል» ይላሉ። ኮራሁባቸው። እህቴን ሳያት ደግሞ ኩራቴ ጠፋ፤ በሰው መሀል ተከባ ቁጭ ብላ በሩን በሩን ታያለች።

በለቅሶው መካከል የሊሂ ስልክ ጮኸ። ያስያዙትን ቀን ለማረጋገጥ ሬቪታል ከሆቴሉ ደውላ ነው። ሊሂ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

«ሻሎም ሊሂ! በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣላችሁ አይደል? ይህኛውን እንዳትቀይሩብኝ!»

«ልንሰርዘው ነው» አለች ሊሂ።

«ለምን? ምክንያቱን ምን ልጻፍ?»

«ለቅሶ።»

ሬቪታል ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ ለምዳን ነው። «ደግሞ ለቅሶ? አሁንስ የማን ነው?»

ዕብራይስጥ የሚሰማ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሊሂ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እህቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጧ፣ «የመንግስቴ ነው፣ ልጄ» አለቻት።

ሬቪታል ይቅርታ እየደጋገመች፣ በአባልነታቸው ምክንያት ምንም ቅጣት እንደሌለ፣ ስጦታውም እንደማይቃጠል፣ ወይዘሮዋ በፈለጉ ጊዜ መምጣት እንደሚችሉ ነገረቻት።

«ያን ጊዜ ለአፉላው ለቅሶ» አለች እህቴ፣ «እምቢ ብትይን ምን ነበረበት?»

ስልኩን ለሊሂ መለሰችላት። ከውጭ ከነቲቮት የመጣ አውቶቡስ ቆሞ ለቀስተኛ ያወርድ ነበር።