የቤተ መንግሥቱ ጣራ

ባለቤቴ የቤተ መንግሥቱ አናጢ ነበሩ። ገና እንደተጋባን ከወሎ ወደ መቐለ ያመጣን ይኸው ሥራ ነው። ጣራው አፈር ስለሆነ ክረምት ሳይገባ ሽቅብ ወጥተው የተሰነጠቀውን በጭቃ ይደፍናሉ፤ ከሥሩ የተጋደመውን የጥድ እንጨት እያንኳኩ ይፈትሻሉ። ደመና ሲጠቁር እኔ የራሳችን ቤት እንዳያፈስ ስሰጋ፣ የእሳቸው ሐሳብ ወደዚያ ነበር።

ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ መኮንኖቹ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገቡ፤ ሠራተኛው ሁሉ ተባረረ። ቆይቶ ባለቤቴ ብቻቸውን ተጠሩ። ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ ግን እህል አልቀመሱም።

በሳምንቱ ከገበያ ስመለስ በቤተ መንግሥቱ አጥር በኩል አየኋቸው። ከአስመራ በመኪና የመጡ እንግዶች ግቢውን ይጎበኛሉ። ባለቤቴ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው ደረጃው ሥር ቆመዋል። ሴቶቹ ተራ በተራ አጠገባቸው እየቆሙ ፎቶግራፍ ይነሳሉ። አንዷ ጺማቸውን እየነካች ሳቀች። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ግን አንገታቸውን ደፉ።

ማታ፣ ይተዉት፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም አልኳቸው።

«እዚያ ካልቆምሁ ጣራው ላይ ማን ያወጣኛል?» አሉኝ።

መኮንኖቹ፣ እዚያ ከቆምህ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጣራውን ትጠግናለህ ብለዋቸው ነበርና። ዝናቡ መጣ፤ አልፈቀዱላቸውም። በዓመቱም እንደዚያው ሆነ። እሳቸው ግን ጎፈሩን እየደፉ መቆማቸውን አልተዉም። ልጆች በመንገድ ሲያዩዋቸው እንደ አንበሳ ያገሱባቸው ጀመር።

ጣሊያን ሲወጣ ነጠላቸውን አሳጥበው ወደ አዲሶቹ ሹማምንት ሄዱ። ቤቱ ለጊዜው የወታደር ዕቃ ማስቀመጫ ስለሆነ ይታገሡ ተባሉ። ታገሡ። ያን ጊዜ ደግሞ አመፅ ተነሣ፤ አውሮፕላን መጥቶ ገበያውን ደበደበ። ጎረቤታችን የነበረች የትግራይ ሴት «ንዒ ሓፍተይ»፣ ነይ እህቴ፣ ብላ እጄን ይዛ ወደ ዘመዶቿ አገር ወሰደችን፤ ነገሩ እስኪበርድ እዚያ ከረምን።

ስንመለስ ባለቤቴ ቤታችንን እንኳ ሳያዩ ቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄዱ። ተከተልኋቸው። ዘበኛው ያውቃቸው ስለነበር አስገባን። በላይኛው አዳራሽ ጣራውን ከተሸከሙት እንጨቶች አንዱ ወራጅ ተሰብሮ የጣራው አፈር ወለሉ ላይ ተንዷል። ሰማዩ ይታያል። ባለቤቴ ከወደቀው እንጨት በጣታቸው ቢፍቁ እንደ ዱቄት ረገፈ። ሌላውን አንኳኩ፤ ከዚያም ሌላውን። ድምፁን እኔም ለየሁት።

«ምን ይሻላል?» አልኳቸው።

«ምንም። ልቡ በስብሷል።»

ከዚያ ወዲያ መጥረቢያ አላነሡም። ሰው በርና መስኮት ሊያሠራ ሲመጣ፣ እጄን ያመኛል እያሉ ይመልሱታል። እኔ ጥጥ እየፈተልሁ ቤቱን ያዝሁ። ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ንዳድ ያዛቸው፤ መድኃኒቱንም አልፈለጉም።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ፣ በቤተ መንግሥት ያገለገሉ ክቡር ሰው ነበሩ እያለ አጽናናኝ። ወደ አገሬ ልመለስ ብዬ መንገደኛ ሳጠያይቅ፣ የእናቴም የአባቴም ቤት ሰው አልቆ መዘጋቱን ነገሩኝ። መሄዱን ተውሁት።