እስከ ደረጃው ድረስ

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ፣ በጀበል አማን ሰፈር ከሚኖሩ ሐበሾች እኔን የማያውቅ የለም፤ ካለም ትናንት የመጣ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛውን ከዳዊት፣ ዓረብኛውን ከሱቅ ታፔላ ላይ ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። በሾፌርነት መጥቼ፣ ዓይኔ ሲደክም የማዳሜ ቪላ ሐሪስ፣ በእኛ አነጋገር ዘበኛ ሆንኩ። ለአገሬ ሴቶች ግን አስተርጓሚውም ሽማግሌውም ዳኛውም እኔ ነኝ።

ከቪላው አጥር ሥር ወደ ሸለቆው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንጋዩ የማር መልክ ይይዛል። ከታች የታክሲ ጡሩምባና አዛን ተቀላቅሎ ሲመጣ ከውሃ ውስጥ የሚሰማ ይመስላል። እዚያ ስቀመጥ የላይኛው ሰፈር የት እንደሚያልቅ፣ የታችኛው የት እንደሚጀምር አይታወቀኝም። ጃስሚኑ ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ የታችኛው ሰው ሽንኩርት ሲጠብስ ሽታው ወደ ላይ ይወጣል።

በደረጃው ወገብ ላይ ሴቶቹ በጋራ የተከራዩዋት አንዲት አሮጌ ክፍል ነበረች። ጁምዓ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ከኡም ኡዘይና ሰፈር፣ ከየማዳሞቻቸው ቤት ይመጡባታል። ኦርቶዶክሷ ትጸልያለች፣ ጴንጤዋ ትዘምራለች፣ ጸጉር ይሠራራሉ። "ነይ፣ ሂጂ" የሚላቸው የሌለበት ቦታ ያቺ ብቻ ነበረች። አከራዩ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው ተብሎ ከተሰማ ወዲህ ጭንቅ ገብቷቸዋል።

አንድ ጠዋት ካርታ የያዙ መሐንዲሶች መጡ። ታሪካዊው ሰፈር ሊከለል ነው፤ በክልሉ የገባ አሮጌ ቤት አይፈርስም። አንዷን መሐንዲስ ጠጋ ብዬ፣ "ያቺ ክፍልስ?" አልኳት። ከካርታዋ ቀና ሳትል "ለደረጅ" አለችኝ። ለደረጃ! ወዲያው ስልክ አነሳሁ።

"ልጆቼ፣ ክፍላችሁ ደረጃ ተሰጥቷታል! ቅርስ ሆናለች!"

እልልታው ጆሮዬን ሊነድለው ነበር። በጁምዓው አዲስ መጋረጃ ሰቀሉ። የክፍሏ ቁልፍ ያዥ የሆነችው ልጅ ደግሞ ደረቷን ነፍታ፣ "ደረጃ አለን፣ አታፈርሰንም" አለችው አከራዩን።

ሰውየው ሳቀ። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ደረጅ ይኼ የቆምሽበት ነው። ክልሉ እስከ ደረጃው አናት ነው። አንቺ ከዚያ በታች ነሽ።"

ጥፋቱ የቃሉ ነው። ለዓረቡ ደረጅ መወጣጫ ነው፣ "ለደረጅ" ሲልም እስከ መወጣጫው ማለቱ ነው፤ ለእኛ መወጣጫውም ማዕረጉም ደረጃ ነው። ሊቅ ቢሆንም ይስታል።

ቁልፍ ያዧ መጣች። "አባባ፣ ደረጃ አገኛችሁ ብለውን አልነበር? ይኸው አገኘን፣ ውረዱበት ተባልን!" ጓደኞቿ በሳቅ ፈረሱ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አሁን ጁምዓን የት ልዋል? ማዳም ቤት ከዋልኩ እኮ ዕረፍት የለም፣ ሥራ ነው።"

ማታ ያንን የክልል ወሰን በዓይኔ ፈለግሁት። ድመቶች ሳይፈቀድላቸው ይሻገሩታል፤ ጭጋጉም እንዲሁ። እኔ ብቻ ነኝ በሕልም እንደሚሄድ ሰው የደረጃው አናት ላይ የቆምኩት። ዞር ስል የቪላው ጓሮ ዕቃ ቤት ታየኝ።

ማዳሜ ዕቃ ቤቱን አፍርሰው መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ይመኙ ነበር። አሁን ክልሉ ውስጥ ገብቶ ተከለከሉ፤ ተናደዋል።

"ማዳም፣ ካልፈረሰ ሰው ይዋልበት" አልኳቸው።

"ይጮኻሉ?"

"ይዘምራሉ።"

"ጆሮዬ እንደሆነ ደክሟል" አሉ። "ይዘምሩ።"

የቀረውን ማን ሠራው? እኔ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። የዛገውን መቀርቀሪያ ዘይት አጠጣሁ። ጸሎቱ ከመዝሙሩ በፊት እንዲሆን ሁለቱን ወገን አስማማሁ። አከራዩ ክፍሏን ከማፍረሱ በፊት መጋረጃውን ከእጁ አስመለስኩ። የማዳሜን የልጅ ልጆች እንግዶቹን ሰላም ማለት አስተማርኩ። ያቺን ቁልፍ ያዥም፣ ጁምዓ ከሰዓት፣ ጫማዋን አውልቃ በጓሮው የበለስ ዛፍ ጥላ ሥር እንቅልፍ እንዲወስዳት አደረግሁ።