እዝባር የዋጠው ስም

ሰቆጣ ላይ ፊርደውስ ሚፍታሕን የማያውቅ ተማሪ የለም ብል፣ እሷ ራሷ ትቆጣኛለች። «የለም» የሚለውን ቃል አትወድም። እሷ የምትሠራበት የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ መደርደሪያውን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ አይቶ «እኅት ፊርደውስ፣ መጽሐፉ የለም» ያለ ተማሪ ወዮለት።

«አላገኘሁትም በል!» ትለዋለች። «ያለና የሌለውን የሚያውቀው አላህ ነው። አንተ የምታውቀው አለማግኘትህን ብቻ ነው።»

ይህን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያመጣችው እንዳይመስላችሁ። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቃለች፣ የምስክር ወረቀቷም ከጠረጴዛዋ በላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ይህቺ ግን ከአባቷ ሱቅ የተቀዳች ናት። አቶ ሚፍታሕ በሰቆጣ ገበያ ዳር ከመርፌ እስከ ጣራ ቆርቆሮ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ከአበርገሌ የወጣው ገበያተኛ «ላምፓዲና አለ?» ይላል፤ ከተሜው «ባትሪ» ይላል፤ ከደሃና የወረደው «የእጅ መብራት» ይላል። አንዱ ፎጣ ያለውን ሌላው ሽጎማኖ ይለዋል። ኽምጣኛ ብቻ የሚናገር ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ስም አለ። አቶ ሚፍታሕ ለማንም «እንዲህ አይባልም» ብለው አያውቁም። እጃቸው ወደ መደርደሪያው ይዘረጋል፣ ዕቃው ይወጣል።

«ልጄ፣ ሱቅን የሚዘጋው ዕቃ ማጣት አይደለም» ይሏት ነበር፣ ከባንኮኒው ኋላ አስቀምጠው ሲያሳድጓት። «ሱቅን የሚዘጋው ‹የለም› የሚል አፍ ነው። ዕቃው ሰው በጠራው ስም መውጣት አለበት።»

ፊርደውስ ያንን ይዛ ነው ቤተ መጻሕፍት የገባችው። በጦርነቱ ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው፣ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተበትነው ስታገኛቸው፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ካታሎጉን ከሀ የጀመረች እሷ ናት። ዛሬ ያ ቤተ መጻሕፍት የራሱ ሰርቨር አለው። ኔትወርክ ሰቆጣ ላይ እንደ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ማጠራቀም ነው። ፊርደውስም የውጭ ጆርናሎቹን ኔትወርክ በመጣ ሰዓት ታወርድና ታጠራቅማለች፤ በጠፋ ጊዜ ተማሪው ከዚያው ከጓዳ ይቀዳል። ከወልድያ ወዲህ እንዲህ የተሰናዳ ቤት አላየንም ያሉ እንግዶች አሉ። እሷም ሲሏት አላፈረችም፤ «እውነት ነው» አለች። ምን ታፍራለች? ሠርታዋለች።

አምና ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ መሣሪያ መጣ። ጥያቄ ስትጠይቀው የሰርቨሩን ጆርናሎችና ጥናቶች አገላብጦ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይመልሳል። ተማሪው ጉድ አለ። ግን መሣሪያው አፈ ቅቤ ነበር። አንድ ጊዜ ለአንድ ተማሪ ጸሐፊና ዓመተ ምሕረት ያለው፣ ርእሱ የሚያምር ጥናት ጠቆመው። ተማሪው ጥናቱን ሲፈልግ ሰነበተ፤ በኋላ ሲጣራ ማንም ያልጻፈው ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ፊርደውስ ምንጩን ካላሳየ እንዳይመልስ አድርጋ አስተካከለችው፤ ከማሽኑም በላይ በትልቅ ጽሕፈት «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ብላ ለጠፈች።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ኮራ ብላ በተቀመጠችበት ሰዓት ነው።

አቶ ገብረ ጻድቅ ዓለምብርሃን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእርሻ ተመራማሪ፣ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ለማንበብ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመጣሉ። የማሽላን ሥር እየጠባ የሚያደርቀውን አቀንጭራ የሚባለውን አረም ሲያጠኑ፣ ወጣትነታቸውን በሙሉ በአበርገሌ፣ ኒሯቅ አካባቢ ቆላ ላይ ያቃጠሉ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ጋዜጣውን አላነሡም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆመው ሲያነቡ ቆዩና ወደ ፊርደውስ ጠረጴዛ መጡ።

«ፊርደውስ ልጄ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ኧረ ጠላትዎ ይሙት! ምነው?»

«ማስታወቂያው ‹በዋግ ኽምራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚካሄድ የአቀንጭራ ጥናት› ይላል። ታዲያ ያ አበርገሌ ቆላ ሲንከራተት የኖረው ሰውዬ ማን ነበር? ብዬ ነው።»

ፈገግ ብለው ነበር የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ቸኩላ ስማቸውን በማሽኑ ላይ ጻፈች። ገብረ ጻድቅ ዓለምብርሃን። ማሽኑ አሰብ አደረገና «ምንም አልተገኘም» አለ። አቶ ገብረ ጻድቅ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አነበቡት።

«የለም ይላል» አሉ።

ፊርደውስ ስሙን ዳግመኛ ጻፈች። ማሽኑ ያንኑ መለሰ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ማስታወቂያውን የለጠፈችው የዕፅዋት ሳይንስ መምህርቷ እማዋይሽ ነበረች፣ የአምደወርቅ ልጅ፣ የፊርደውስ የልብ ጓደኛ። ጥናቷን ልታቀርብ ያሰበችው በኮሌጁ የምርምር ቀን ሲሆን፣ ቀኑ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች እማዋይሽ ነገሩ ሲነገራት። «ያንቺን ማሽን ጠየቅሁት። በዋግ የተሠራ ጥናት አላገኘሁም አለኝ፤ እኔም ‹ለመጀመሪያ ጊዜ› ብዬ ጻፍሁ። ጥናቴ የተመረጠልኝም ‹ለመጀመሪያ ጊዜ› በምትለው ቃል ነው ፊርዱ። አሁን ባወጣት ማን ያሳልፈኛል?»

«ያንቺን ማሽን» የሚለው ፊርደውስን እንደ እሾህ ወጋት። የሰው ዕድሜ በእሷ ቤት ጠፍቷል፤ ፈልጋ ካላወጣችው ደግሞ በምርምር ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንዳልነበረ ሆኖ ሊታወጅ ነው። ምሳዋን ሳትበላ ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች።

አቶ ሚፍታሕ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስለ ሰርቨር የሚያውቁት ነገር የለም፤ ስለ መደርደሪያ ግን ያውቃሉ።

«ሰውየው የጻፈው ወረቀት ቤትሽ ገብቷል?»

«ከጦርነቱ የተረፈው ሁሉ ገብቷል አባዬ። በእጄ ነው የመዘገብሁት።»

«ገብቶ ካልወጣ ሌላ ስም ለጥፈሽበታል ማለት ነው። እስኪ ያኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ ጻፊልኝ።»

ፊርደውስ ከባንኮኒው ላይ እስክሪብቶ አንሥታ በሳሙና ካርቶን ጀርባ ጻፈች። እጇ ሳታዘው የጻፈው ይህን ነው፦ ገ/ጻድቅ ዓ/ብርሃን።

የጻፈችውን መልሳ አነበበች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዝባሩን ግን ያወጣው የቢሮ ጸሐፊ ነው። እኛ አገር ገብረ ጻድቅ ብሎ አሟልቶ የሚጽፍ ማን አለ? ከትምህርት ቤት መዝገብ እስከ ቀበሌ መታወቂያ ገ/ ነው፣ ኃ/ ነው፣ ወ/ ነው። ያችን ዘንበል ያለች ሰረዝ እኛ ስናያት ዘለን እናልፋታለን። ማሽን ግን እንደ አጥር ነው የሚያያት፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለውን አንድ ሰው፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሌላ ሰው አድርጎ ይለያቸዋል። ፊርደውስ ተመልሳ ካታሎጉን ብትከፍት ምን ብታይ ጥሩ ነው? የቤተ መጻሕፍቱ ትልቁ ደራሲ «ገ» የሚባል ሰውዬ ሆኖ ተቀምጧል። ይህ «ገ» ያልጻፈው ነገር የለም፤ ስለ ንብ ጽፏል፣ ስለ ሒሳብ ጽፏል፣ ስለ አዋላጅነት ጽፏል። ተከታዩ «ኃ» ነበር።

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው እንባዋ ተከተለ። ከጦርነቱ በኋላ ቶሎ ቶሎ፣ ተማሪው ቆሞ ሲጠብቃት፣ ነበር የመዘገበችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የውጭዎቹ ጆርናሎችም ቢሆኑ አልዳኑም፤ እዚያ ሰውየው «ጻድቅ» ብቻ ሆነው፣ «ገብረ» በአንዲት ፊደል ታጥፎ ነው ያለው። ሰቆጣም በፈረንጅ ፊደል አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ስለሚጽፋት፣ ማሽኑ የተለያዩ ከተሞች አድርጓት ተቀምጧል፤ ኒሯቅም እንደዚሁ። እማዋይሽን «በዋግ የተሠራ አላገኘሁም» ያላትም ለዚህ ነው።

እማዋይሽን ጠርታ ሁሉንም አሳየቻት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለኮሌጁ ዲንም እኔው እነግረዋለሁ» አለች። እማዋይሽ ግን ከ«ገ» ክምር ውስጥ የወጣውን የአቶ ገብረ ጻድቅን የመጀመሪያ ጥናት ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ሌላ ነበር።

«እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ እደርስበታለሁ ያልሁት ቦታ እኮ ቀድመው ደርሰዋል» አለች። «ቀጥዬ የምጠይቀውንም ጥያቄ እዚሁ ጽፈውልኛል። ስጪኝ ሌላውን።»

ያንን ሳምንት ሁለቱ አብረው ሠሩ። ፊርደውስ በአቶ ሚፍታሕ ሕግ ካታሎጉን ከሥሩ ነቀነቀችው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ስም ሰጠች፤ በሥሩም ሰው ሊጠራበት የሚችለውን ሁሉ ሰበሰበች፤ ባለእዝባሩን፣ ያለ እዝባሩን፣ የፈረንጁን፣ የተሳሳተውን ጭምር። ሰቆጣም እንደዚሁ፣ ኒሯቅም እንደዚሁ። ከዚያ የጥናቶቹን የመጨረሻ ገጽ፣ ምስጋና የተጻፈበትን፣ እየከፈተች የገበሬዎቹን ስም ማስገባት ጀመረች።

«አሁንስ አበዛሽው!» አለች እማዋይሽ። «የምስጋና ገጽ ማን ይፈልጋል?»

«ገበያተኛ ምን ብሎ እንደሚመጣ አይታወቅም» አለች ፊርደውስ፣ ጣቷን ሳታቆም።

የምርምር ቀን አዳራሹ ሞላ። አቶ ገብረ ጻድቅ ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ እንዲመጡ እማዋይሽ ራሷ ቤታቸው ሄዳ ለምናቸዋለች። አቶ ሚፍታሕም ሱቃቸውን ዘግተው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከዚህ በፊት በገበያ ቀን ሱቅ የዘጉት ልጃቸው ስትመረቅ ብቻ ነበር። እማዋይሽ ወጣች፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ከርእሷ ወጥቶ «አቶ ገብረ ጻድቅ ካቆሙበት» በሚል ተተክቷል። ገማጋሚዎቹ ሲጠይቋት መልሷ አልጠፋትም፤ የቆመችበት መሠረት ነበራታ። ጥናቷ አለፈ፣ አዳራሹም አጨበጨበ።

ከዚያ ፊርደውስ አቶ ገብረ ጻድቅን ለዕለቱ ወደ አዳራሹ ወደ መጣው ማሽን ጋበዘቻቸው። «ጋሼ፣ እስኪ ራስዎ ይጠይቁት።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አስተካከሉና በአንድ ጣታቸው ፊደል መፈለግ ጀመሩ። ሰው ሁሉ «ገ»ን ይጠብቃል። የጻፉት ግን ሸ ነበር።

ሸጋው።

ፊርደውስ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለች። ያንን ስም አስገብታዋለች? ስንቱን ገጽ ስትከፍት ነበር፤ አንዱን ዘላ ቢሆንስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማሽኑ ዳግመኛ «ምንም አልተገኘም» ቢላቸውስ?

ማሽኑ አሰብ አደረገ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በትልቁ ወጣ፦ ሸጋው ምሳው፣ የኒሯቅ አካባቢ ገበሬ። ማሽላን ከሰሊጥ ጋር እያፈራረቁ በመዝራት አቀንጭራን ማዳከም እንደሚቻል ለተመራማሪው ያሳዩ። ምንጭ፦ ገብረ ጻድቅ ዓለምብርሃን፣ የምስጋና ገጽ።

አቶ ገብረ ጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ኬሚካል ስረጭ ይስቅብኝ ነበር» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «በኋላ እጄን ይዞ ማሳው ውስጥ አስገባኝ። ያስተማረኝ እሱ ነው። በጻፍሁት ሁሉ መጨረሻ ላይ ስሙን አኖርሁ፤ ማንም እንደማያነበው አውቅ ነበር። ካረፈ ቆይቷል።»

ቀጥለው የራሳቸውን ስም ጻፉ፣ በለመዱት በአሮጌው አጻጻፍ፣ ከነእዝባሩ። የወጣትነታቸው ሥራ በሙሉ፣ አንዱም ሳይጎድል፣ ባንድ ስም ሥር ወረደ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ከኋላ የአቶ ሚፍታሕ ድምፅ ከሁሉ በላይ ተሰማ፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን የማያውቁትን ሰው ትከሻ ይዘው «ልጄ ናት! ያቺ ልጄ ናት!» ይሉ ነበር።

አቶ ገብረ ጻድቅ ሲወጡ ፊርደውስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ያን ዕለት ሞቻለሁ ወይ አልሁሽ፤ ስቀልድ ነው» አሉ። «እኔስ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ስሜን ራሴ እናገራለሁ። የሸጋውን ስም ነው ያነሣሽልኝ።»

ፊርደውስ እስከ ኮሌጁ በር ሸኘቻቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው መጥተው ጋዜጣቸውን አነሡ።