አራት ፈታሾች የነበሩበት ሜዳ

ገሠሠ በአሰብ አውሮፕላን ማረፊያ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ፈታሽ ነው። ፈታሽ ማለት እንግዲህ መካኒክ የጠገነውን ዞሮ የሚያይ፣ ካልጣመው "አይነሣም" የሚል፣ ከጣመው የሚፈርም ሰው ነው። ድሮ አራት ነበሩ። ክፍሌን ግንባር ወሰዱት፤ ንዋይ ታስሮ በዚያው ቀረ፤ አንዱ በጀልባ የመን ገባ። መካኒኮቹም እንደዚያው አለቁ። በሰማንያ ሁለት ግንቦት ላይ ጠጋኙም ፈታሹም ገሠሠ ብቻ ሆነ።

ልማድ ነበራቸው። ብሎን ያሰረ ሰው ያንን ብሎን አይፈትሽም። ሌላው ሲፈትሽለት ፊቱን አዙሮ ይቆማል፣ በዓይኑ እንኳ እንዳይመራው። ክፍሌ በዚህ ይቀልድ ነበር፤ "ዙርልኝ እንጂ፣ ሙሽራዋ ልብስ ልትቀይር ነው" እያለ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ሠላሳ ስምንት ቁስለኞች በሚጭናቸው አውሮፕላን ክንፍ ጥላ ሥር በቃሬዛ ተደርድረዋል። ዝንቡ አያድርስ ነው። ገሠሠ የግራውን ሞተር ፕሮፔለር ሁለት ቀን ሙሉ ብቻውን ሲፈታና ሲገጥም ከርሞ ገና መጨረሱ ነው። የማረፊያው አዛዥ ሻምበል የመነሻ ፈቃዱን ወረቀት ይዞ መጣ።

"ፈርም።"

"ጓድ ሻምበል፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይየው። ነገ ከደብረ ዘይት ፈታሽ ቢመጣ..."

"ነገ እነዚህ ሬሳ ናቸው።"

"ከወደቀም ሬሳ ናቸው፣ ጌታዬ።"

የሽጉጡ እጀታ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሁለት ወታደሮች በቡት ተቀባበሉት፤ ጎድኑ ቀጭ ሲል ራሱ ሰማው። ሻምበሉ እስክርቢቶውን በቀኝ ጣቶቹ መሃል ሰክቶ ቆመበት። ጣቶቹ ተሰበሩ። አልፈረመም።

"ከነዳጅ ማጣሪያው ኃይለጊዮርጊስን አምጡልኝ" አለ ከመሬት። "ብረት ያውቃል። ያልነካው ሰው ይየው።"

እግሩ የተቆረጠ አንድ ወታደር ከቃሬዛው ቀና አለ። "ሻምበል፣ ይየው እንጂ። እግሬን ለምድር ሰጥቻለሁ፣ ቀሪዬን ለሰማይ ልስጥ እንዴ?"

ጂፕ ተላከ። ኃይለጊዮርጊስ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ቧንቧ የሚገጥም፣ የገሠሠ ጎረቤት ነው። ደሙን ሲያይ ክው አለ።

"ገሤ፣ ማነው እንዲህ ያደረገህ?" አለና ወደ ሻምበሉ ዞረ።

"ተወው። ብሎኖቹ እንዳይላሉ እያንዳንዳቸው በሽቦ ታስረዋል። አንድ በአንድ ሳበው" አለና ገሠሠ ፊቱን ወደ አሸዋው አዞረ።

ኃይለጊዮርጊስ መሰላሉን ወጣ። አንድ፣ ሁለት እያለ ቆጠረ። ስድስት ላይ እጁ ቆመ።

"ይሄኛው ሽቦ የለውም።"

ገሠሠ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ስድስተኛው ላይ መሰላሉን እንደተደገፈ ሸለብ አርጎት ነበር፤ ሲባንን ሰባተኛውን ያዘ።

"ተመስገን" አለ።

"ተመስገን?" ሻምበሉ ጎንበስ አለ። "ሆን ብለህ ትተህ ተመስገን? አሻጥር ነው ይሄ።"

"ልፈጃቸው ብፈልግ እፈርም ነበር፣ ጌታዬ።"

መልሱ በክላሽ ሰደፍ ማጅራቱ ላይ መጣ። እጁን የፊጥኝ አስረው ወደ ጂፑ ጎተቱት። ኃይለጊዮርጊስ የቀሩትን ቆጥሮ ስድስተኛውን በሽቦ አሰረና ወረደ። ሻምበሉ እስክርቢቶውን ሰጠው።

"ከዛሬ ጀምሮ ፈታሹ አንተ ነህ።"

"እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ..."

ሽጉጡ ደረቱ ላይ ተደገነ።

"እሱ እንዳይፈርም" አለ ገሠሠ ከጂፑ ወለል። "ስድስተኛውን ያሰረው እሱ ነው። አሁን ያልነካው ሰው እኔ ነኝ። አውጡኝ።"

የአውሮፕላኑ አብራሪ ወደ ሻምበሉ ተጠጋ። "ካልታየ ሞተር አላስነሣም" አለ። ሻምበሉ ሌላ አብራሪ የለውም።

የረገጡት ሁለቱ ወታደሮች ተሸክመው መሰላሉ ላይ አወጡት። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። እጁ ታስሯልና ሽቦውን በቀሩት ጥርሶቹ ነክሶ ሳበው። ድጋሚ ሳበው። ንቅንቅ አላለም።

"ጠብቋል። ወረቀቱን።"

ፈቱት። በግራ እጁ፣ ደም እያንጠባጠበበት፣ ፈታሽ ከሚለው ሥር ፈረመ። ከዚያ መልሰው እንዲያስሩት እጆቹን ራሱ ወደ ኋላ መለሰላቸው።